ቀጥ ያለው ማማ

የሥዕል መምህርቷን ተማሪዎቿ ፊት ለፊት «ቲቸር» ይሏታል፤ ዞር ስትል ግን «እይ-እይ» ናት። ስሙን ያወጡላት በከንቱ አልነበረም። ሴትዮዋ በሃያ ሦስት ዓመት የማስተማር ዘመኗ ከአፏ ያልተለየ ቃል ቢኖር እሱ ነው። ልጅ እጁን ወደ ወረቀቱ ሲሰድ «እይ!»፣ ምላሱን ወጣ አድርጎ ከመስመር ጋር ሲታገል «እይ እንጂ!»፣ ጨርሶ ሲያሳያት ደግሞ «አይተህ ነው ወይስ ገምተህ?» ብላ ታፋጥጠዋለች። አንዳንድ ወላጆች «እንዲያው ይቺ ሴት ልጆቻችንን ሰላይ ልታደርጋቸው ነው እንዴ?» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷ ምን ቸገራት! ቀልዱን ሰምታ፣ ስቃ፣ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

በየትምህርት ቤቱ የሥዕል ክፍለ ጊዜ ማለት ምን እንደሆነ የታወቀ ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ አንድ የአበባ ማስቀመጫ ይስላል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ደወል ይደወላል፣ አለቀ። ፈተና ሲቃረብ ደግሞ የሒሳብ መምህሩ መጥቶ ክፍለ ጊዜውን ይወስደዋል፤ «ለምን?» የሚል የለም። ይቺ ግን የሒሳብ መምህሩን ሁለት ጊዜ ከበር መልሳዋለች። በሦስተኛው ሰውዬው ራሱ መምጣቱን ተወ።

የእሷ አካሄድ እንዲህ ነው። ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ከክፍሉ መስኮት የሚታይ አንድ ነገር ትመርጣለች። አንድ ብቻ። ልጆቹ በየሳምንቱ ሐሙስ፣ እያንዳንዱ ከራሱ ወንበር ሳይነቃነቅ፣ ያንኑ ነገር ዓመቱን ሙሉ ይስሉታል። ወረቀቱ ጥግ ላይ ቀን ይጻፍበታል። ተበላሸ ተብሎ አይቀደድም፤ ቤት ተወስዶ ከታየ በኋላ በየልጁ ካርቶን ውስጥ ይቀመጣል። መጀመሪያ ሰሞን ማጉረምረም አለ። «ቲቸር፣ ባለፈው ሳምንት ሳልነው እኮ!» ይሏታል። «ሳልከው እንጂ መች አየኸው» ትላለች። ሁለት ወር ሲያልፍ ማጉረምረሙ ይቀርና ልጆቹ አንዳቸው ያንዳቸውን ወረቀት እያዩ «ያቺን ሽቦ እኔ እንዴት አላየኋትም?» መባባል ይጀምራሉ። ያን ጊዜ የእሷ ደስታ ልክ የለውም።

አምና ዛፍ ነበር፣ ካቻምና የዕቃ ግምጃ ቤቱ በር። ዘንድሮ የመረጠችው የውሃውን ማማ ነው፤ ግቢው መሀል በአራት የብረት እግር የቆመ፣ አናቱ ላይ ትልቅ ታንከር የተሸከመ። የመረጠችው ቀጥ ያሉ መስመሮች ስላሉት ነው። እርሳስን በተዘረጋ ክንድ ፊት ለፊት አቁሞ፣ አንድ ዓይን ጨፍኖ፣ የቆመን ነገር መለካት ልታስተምርበት አሰበች። «ዓይን ያባብላል፤ እርሳስ ግን ይሉኝታ የለውም» ትላቸዋለች። ወንበሮቹን ሁሉ ወደ መስኮቱ አዞረቻቸው። እሷ በመስኮቱና በልጆቹ መካከል ቆማ የእነሱን ፊት ታነባለች።

ከማማው ሥር፣ አንዱን እግሩን ተደግፋ፣ የዘበኛው የቆርቆሮ ቤት አለች። ዘበኛው ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ከአንዲት ልጁ ጋር እዚያች ውስጥ ይኖራል። ልጅቷ የዚሁ ክፍል ተማሪ ናት፣ አሥራ አንድ ዓመቷ። አባቷ «ሚጡ» ይላታል፤ ክፍሉም ተከትሎ ሚጡ አላት። ካልጠየቋት የማትናገር፣ ከጠየቋትም ባጭሩ የምትመልስ ልጅ ናት። እንግዲህ ሌሎቹ አርባ አንድ ልጆች ማማውን በመስኮት ሲያዩት፣ እሷ ግን ትራሷ አጠገብ ነበር የምታገኘው።

በአምስተኛው ሳምንት መምህርቷ ወረቀት እየተቀበለች ስትዞር የሚጡ ጋ ደርሳ ቆመች። ማማው በወረቀቱ ላይ ወደ ግራ፣ ወደ ዘበኛው ቤት ዘንበል ብሏል። ብዙ አይደለም። ነገር ግን ዘንበል ብሏል።

«ምነው ሚጡዬ፣ ታንከሩ ጠጥቶ ነው እንዴ የመጣው?» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከኋላ አንዱ ተነስቶ እየተንገዳገደ የሰከረ ታንከር ሆኖ አሳየ። መምህርቷም ሳቀች፤ ክፋት አልነበረባትም፣ እንዲያው ለጨዋታ ነው። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶዋን አወጣችና ከማማው ጎን አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምራ «ማማው ቀጥ ያለ ነው። እርሳስሽን ተጠቀሚ» ብላ ጻፈችበት።

«ተጠቅሜያለሁ ቲቸር» አለች ልጅቷ።

«እንግዲያው ክንድሽ ጠሞ ነዋ! በደንብ ዘርጊው።»

ልጅቷ ወደ መስኮቱ አየች፣ ወደ መምህርቷ አየች።

በሚቀጥለው ሐሙስ የሚጡ ማማ አሁንም ዘንበል ብሎ መጣ። በሚቀጥለውም። መምህርቷ በየጊዜው ያንኑ ቀይ መስመር አሰመረች፣ ያንኑ ቃል ጻፈች፤ በሦስተኛው ላይ ከአሥር አራት ሰጠቻት። ሌሎቹ ልጆች ደግሞ ከሳቁ ተምረዋል። ከእነሱም መካከል በእርሳስ ትንሽ አዘንብለው የጀመሩ ነበሩ፤ አሁን ግን ሁሉም በላጲስ አጥፍቶ፣ ማስመሪያ እያጋደመ እግሮቹን ቀጥ ቀጥ ያደርጋቸዋል። ልጅ መሳቂያ ከሚሆን ጦር ቢወጋው ይመርጣል። በዘጠነኛው ሳምንት ሚጡም ቀጥ አድርጋ አመጣች።

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» አለች መምህርቷ፤ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ለክፍሉ አሳየች። «አያችሁ? ያለ ድካም ምንም አይገኝም።» ከአሥር አሥር ሰጠቻት። ልጆቹ አጨበጨቡ። ሚጡ ወረቀቷን ተቀብላ፣ አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው፤ ፈገግ እንኳ አላለችም።

የሩብ ዓመቱ ዕረፍት መጣ። ልጆቹ በተበተኑ በሁለተኛው ቀን መምህርቷ ጠዋት ብቻዋን መጥታ ካርቶኖቹን ማስተካከል ያዘች። ልማዷ ነው፤ የየልጁን ሥራ በቀናቸው ቅደም ተከተል ኮሪደሩ ወለል ላይ ትደረድርና ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው እየተራመደች ታያለች። የሚጡ ካርቶን ሲደርስ ዘጠኙን ወረቀት ዘረጋችና መራመድ ጀመረች። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። አምስተኛው ጋ ስትደርስ እግሯ ዘገየ። ስምንተኛው ጋ ቆመች።

ከዚያ ተመልሳ ከአንደኛው ጀመረች።

ልጅቷ ማማውን ብቻ አልሳለችም፤ የራሷን ቤትም አብራ ስላዋለች። በመጀመሪያው ሳምንት የታንከሩ ጠርዝ ከቤቷ በር ትክክል በሁለት ጣት ወደ ጎን ይርቃል። በአምስተኛው በአንድ ተኩል። በስድስተኛው በአንድ። በስምንተኛው የታንከሩ ጠርዝ በበሯ ትክክል ላይ ነው። መምህርቷ እርሳስ አንስታ እየተንበረከከች ለካች፤ ደግማ ለካች። ክንዱ የጠመመ ልጅ ሁልጊዜ በአንድ ልክ ነው የሚጠምበት። በየሳምንቱ እየጨመረ የሚጠም ክንድ የለም። ይህንን ለማወቅ ደግሞ ሃያ ሦስት ዓመት ማስተማር አያስፈልግም ነበር።

ተነስታ ወደ ክፍሉ ገባች። በሚጡ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ክንዷን ዘረጋች፣ አንድ ዓይኗን ጨፈነች፣ እርሳሱን አቆመች።

ክው አለች። እርሳሱ ቆሟል፤ ማማው ግን ከእርሳሱ ሸሽቷል። ሽሽቱም ወደዚያች ቆርቆሮ ቤት ነው። ከቤቷ ደጃፍ የሚጡ ቀሚስ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ይወዛወዛል።

ወረቀቶቹን ሰብስባ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሮጠች። ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደለም። ስድስት መቶ ልጅና አንድ የሚንጠባጠብ ጣሪያ የተሸከመ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየ፤ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ እንደገና አየ።

«የአንድ ልጅ ሥዕል ነው» አለ። «የሌሎቹስ?»

መምህርቷ የሌሎቹንም አመጣች፤ ምን ታድርግ? ዳይሬክተሩ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። አርባ አንድ ልጅ፣ አርባ አንድ ማማ፣ ሁሉም እንደ ሻማ ቀጥ ያሉ። በየአንዳንዳቸው ላይ ደግሞ የእሷው ምልክት፤ «ጎበዝ»፣ «በጣም ጥሩ»፣ ዘጠኝ፣ አሥር።

«አርባ አንድ ለአንድ እኮ ነው» አለ ዳይሬክተሩ በለሆሳስ። «አንዷ የምትለውም ቢሆን...» ጣቱን ቀዩ ጽሑፍ ላይ አሳረፈ። «ይሄ የማን እጅ ጽሑፍ ነው?»

«የኔ።»

«ምን ይላል?»

«ተሳስቼ ነው።» ፊቷ ፍም መሰለ። «እኔን ይተዉኝና ወጥተው ይዩት። ወይም ታንከሩን ያስፈስሱልኝ፤ ባዶ ቢሆን ይቀለዋል።»

«ውሃ ስንት ጊዜ ነው የሚመጣልን? ልጆቹ መጸዳጃ ቤት በምን ይሂዱ?» ወደ መስኮቱ ሄዶ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ማማውን አየ። «ለእኔ ያው የድሮው ነው። ቢሆንም ደብዳቤ እጽፋለሁ። መሐንዲስ እንዲልኩ።»

«መቼ ይመጣል?»

«በክረምቱ ዕረፍት ሳይሆን አይቀርም።»

መቼም የቢሮ ደብዳቤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። መምህርቷ ያን ቀን ቤቷ ስትገባ አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ስፌት መኪናው ላይ ነበረች። ልብስ ሰፊ ናት፤ አፏም እንደ መርፌዋ የሰላ ነው። ነገሩን ከሥር መሠረቱ ስትነግራት እግሯን ከፔዳሉ ሳታነሳ አዳመጠች።

«ጨረስሽ?» አለች። «ዳይሬክተሩን ተዪው። ማማው የሚወድቀው በዳይሬክተሩ ላይ አይደለም። ከሥሩ የሚተኛውን ሰውዬ አስነሺው።»

«እንዴት ብዬ? ሰውዬው እኮ ሌላ ቤት የለውም።»

«አንቺ እቴ! ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል። እዚህ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ይነጠፋል። ደግሞ ሰው አይተን አናውቅም እንዴ?»

በማግሥቱ ሄደች። ዘበኛው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ በሩን በመጋዝ ከግርጌው ሲቆርጥ አገኘችው።

«ምን ሆኖ ነው ወንድሜ?»

«አልዘጋ ብሎኝ ነው እትዬ። ወለሉ ይነሳ ጣሪያው ይውረድ እንጃ። ካለፈው ወር ወዲህ ሦስተኛዬ ነው የምቆርጠው።» ሳቀ። «እንዲህ ከቀጠለ በር ሳይሆን መስኮት ይሆናል።»

ከማማው እግር ሥር፣ ታንከሩ ሲሞላ የሚፈሰው ትርፍ ውሃ መሬቱን ጭቃ አድርጎታል። ኮንክሪቱ ከአንድ ወገኑ ሰምጦ፣ በሌላው ወገን አፈሩን ገልጦ ተነስቷል። መምህርቷ አጎንብሳ አየችው።

«ከዚህ ቤት ውጡ» አለችው። «ዛሬውኑ። ማማው ዘሟል። እኛ ቤት ቦታ አለ።»

ዘበኛው መጋዙን አስቀመጠ። ሰውዬው ጨዋ ነው፤ ሊያስቀይማት አልፈለገም።

«እውነቱን ልንገርዎት እትዬ? እኔም ጠርጥሬ ነበር። ሌሊት ብረቱ ሲንቋቋ እሰማለሁ። ለዳይሬክተሩ ልነግር ተነስቼ ሳለሁ ሚጡ ወረቀቷን ይዛ መጣች። እኔ መቼም ማንበብ ላይ ደካማ ነኝ፤ አነበበችልኝ። ‹ማማው ቀጥ ያለ ነው› ይላል። አንድ ጊዜ አይደለም፣ አራት ጊዜ። በቀይ።» እጆቹን ዘረጋ። «የተማረ ሰው እንዲህ ካለ እኔ ምን አውቃለሁ? ተመስገን አልኩና እንቅልፌን ለጥ አልኩ። ሚጡ እንኳ ‹አባዬ፣ እኔ ግን ዘንበል ብሎ ነው የሚታየኝ› ስትለኝ ተቆጣኋት። መምህርሽን አትከራከሪ ብዬ።»

መምህርቷ አጠገቡ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

«ተሳስቼ ነው» አለች።

«ኧረ ይተዉ!» ሳቀ ዘበኛው። «ባለፈው ወር ቀጥ የነበረ ዛሬ እንዴት ይጠማል? ደግሞ ዘበኛ ግቢ ውስጥ ካላደረ ምኑን ዘበኛ ሆነ? ሥራዬን ላጣ ነው።»

ብትለው ብታደርገው አልሰማ አለ። ቢሆን ቢሆን ሚጡን ለዕረፍቱ ቀናት እሷ ዘንድ እንድታሳድራት ፈቀደ፤ ያውም «ለጨዋታ ከሆነ» ብሎ ነው። ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱን አታየውም ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰውን ዓይን ስትከፍት ኖራ፣ አንድ የተከፈተ ዓይን ብታገኝ በገዛ እጇ ጨፍናዋለች። እንዲህ ያለውን በምን ታስተሰርየዋለህ? በንግግር እንደማይሆን ገብቷታል። የተጻፈን ቃል የሚያሸንፈው ሰው በገዛ ዓይኑ ያየው ነገር ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ ማስተማር ትችላለች። ሥራዋ ነው።

ትምህርት እንደተከፈተ በመጀመሪያው ሐሙስ ዘበኛውን ወደ ክፍሏ ጠራችው። በአምስተኛው ክፍለ ጊዜ ቆቡን በእጁ ይዞ እያፈረ ገባ። ልጆቹ የሚጡን አባት ሲያዩ ሳቅ ሳቅ አላቸው። በልጁ ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ ጉልበቱ ከጠረጴዛው ጋር እየተጋጨ ተቸገረ። ሚጡ ጎኑ ቆመች።

«ልጆች» አለች መምህርቷ። «ማማው ቀጥ ያለ ነው ብዬ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ። ዛሬ የኔን ቃል እርሱትና ያያችሁትን ሳሉ።»

ልጆቹ ተያዩ። ከዚያ ማስመሪያቸውን አወጡ።

እሷ በወንበሮቹ መካከል ትዞራለች። የመጀመሪያው ልጅ ማማ ቀጥ ያለ ነው። ሁለተኛውም። «ማስመሪያውን ተዉት፣ እዩ!» ትላለች፤ ያያሉ፣ ከዚያ ቀጥ ያደርጉታል። ተንኮል አልነበረባቸውም። ስለለመዱት በእውነትም ቀጥ ብሎ ነው የሚታያቸው። ሚጡ ቆማ በአባቷ ትከሻ ላይ ደብተር አስደግፋ ትስላለች። መምህርቷ ጎንበስ ብላ አየችው። ቀጥ ያለ ነው።

«እትዬ፣ እኔ እርሳስ ይዤ አላውቅም እኮ» አለ ዘበኛው።

«ክንድዎን ይዘርጉ። አንድ ዓይን ይጨፍኑ። እርሳሱን ከማማው እግር ጋር ያስተያዩ። ካዩ በኋላ ያስምሩ።»

ሰውዬው ምላሱን እንደ ልጅ ወጣ አድርጎ ጀመረ። የሚንቀጠቀጥ መስመር አሰመረ። አየ። ሌላ አሰመረ። ቤቱን ሳላት፤ በሯን ሳላት፤ ታንከሩን ከላይ አስቀመጠው። ማንበብ የሚቸገር ሰው፣ ቀዩን ጽሑፍም በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው የተቀበለ ሰው ነው፤ እጁ የለመደው ነገር የለም፤ ያየውን ብቻ አወጣው። ጨርሶ ወረቀቱን ራቅ አድርጎ ተመለከተ። ከዚያ ወደ መስኮቱ። ከዚያ ወደ ወረቀቱ። ፊቱ ላይ የነበረው ዓይናፋር ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ይሄ እኮ» አለ፤ «እኔ ቤት ላይ ነው የሚመጣው።»

«አዎ ወንድሜ» አለች።

በዚያው ቅጽበት ከግቢው የፓምፕ ድምፅ ተሰማ። ከሰባት ቀን በኋላ ውሃ መጥቶ ነው፤ ፓምፑ ውሃ ሲያገኝ በራሱ ይነሳል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ልጆቹ «እሰይ!» ብለው ይጮኹ ነበር።

ዘበኛው ብድግ አለ። «ከሞላማ አይችልም። ላጥፋው።»

«ይተዉት! አይሂዱ!» እጅጌውን ያዘችው። ማጥፊያው ያለው በማማው እግር ላይ ነው።

«ልጆች ውጭ አሉ እትዬ። አሁን ደወል ይደወላል፣ ሁሉም ወደ ቧንቧው ነው የሚሮጠው።» እጇን በቀስታ አላቀቀ። «እርስዎ ልጆቹን ከዚህ እንዳይወጡ ይያዙልኝ።» ለሚጡ ቆቡን ሰጣትና ወጣ።

ሁሉም በመስኮቱ ተደረደሩ። ግቢውን ሲያቋርጥ አዩት። በሩጫ አልነበረም፤ ፈጠን ብሎ ነበር የሚሄደው፣ አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ። ማማው እግር ጋ ደረሰ። ፓምፑ ዝም አለ። አንዳንዶቹ ልጆች አጨበጨቡ። ዘበኛው ዞር ብሎ በእጁ ምልክት አሳየ፤ «አለቀ» እንደማለት። መምህርቷ ከስንት ቀን በኋላ ትንፋሽ ወደ ሳንባዋ ሲገባ ተሰማት።

ከዚያ ወደ ቤቱ ገባ። ፍራሹን ሊያወጣ ይሁን፣ የልጁን ልብስ ሊሰበስብ ይሁን፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ማማው በቤቷ ላይ የወደቀው በቀስታ ነው። ድምፁ የመጣው በኋላ ነው። መምህርቷ ሚጡን ጎትታ ፊቷን ደረቷ ውስጥ ልትደብቅ ሞከረች፤ ልጅቷ ግን አልዞር አለች። ዓይኗን ሳትነቅል እስከ መጨረሻው አየችው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና ነገሩ፣ ከበላይ ቢሮ ሦስት ሰዎች ያሉት አጣሪ ኮሚቴ መጣ። መሐንዲስም መጣ። ለካ ይቻላል! ኮንክሪቱን ለኩ፣ ፎቶ አነሱ፣ የሚጡን ወረቀቶችም ጠየቁ። መምህርቷ አንዱንም ሳትደብቅ አስረከበች። ከሁለት ሳምንት በኋላ በመምህራን ስብሰባ ላይ የኮሚቴው ሰብሳቢ ተነስቶ ሪፖርት አነበበ። አስቀድማ አደጋውን አይታ ላስጠነቀቀች፣ በዕለቱም አርባ ሁለት ተማሪዎችን በክፍል ውስጥ ይዛ ላተረፈች የሥዕል መምህርት የምስጋና ወረቀት ይሰጣት ይላል።

«ቀዩን ጽሑፍ አላነበባችሁትም?» አለች ከተቀመጠችበት።

«አንብበነዋል» አለ ሰብሳቢው። «እሱ የማስተማር ጉዳይ ነው። እኛን አይመለከትም።»

አጨበጨቡላት። የሒሳብ መምህሩ ሳይቀር ቆሞ አጨበጨበ። ወረቀቱን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሚጡ፣ አክስቷ መጥታ እስክትወስዳት ድረስ እነሱ ቤት ተቀመጠች። እህትየው ሁለት ቀሚስ ሰፋችላት፤ ጸጉሯንም ትሠራላታለች። ልጅቷ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። አታለቅስም። ይሄ ነው መምህርቷን የሚበላት። ብታለቅስ አብራት ታለቅስ ነበር፤ ብትሰድባት አንገቷን ደፍታ ትሰማ ነበር። ዝም አለች እንጂ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ሳሎን ውስጥ ነበሩ። እህትየው መኪናዋ ላይ፣ መምህርቷ የልጆች ወረቀት ከፊቷ ዘርግታ፣ ሚጡ ወለል ላይ የቤት ሥራዋን እየሠራች። ልጅቷ እርሳሷን አስቀመጠች።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂኝ የኔ ልጅ።»

«ያኔ ቀጥ ያለ ነው ብለው ሲጽፉብኝ፣ ዞር ብለው አይተውት ነበር?»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። እህትየው ቀና አላለችም።

መምህርቷ ያንን ክፍል፣ ያንን ሐሙስ፣ የልጆቹን ሳቅ አስታወሰች። መስኮቱ ከጀርባዋ ነበር፤ አንገቷን ማዞር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ልትላት የምትችለው ብዙ ነገር ነበር። አርባ ሁለት ልጅ ነበረብኝ ልትላት ትችላለች። ያን ጊዜ ዘንበል ማለቱ ገና ትንሽ ነበር፣ ባየውም አልለየውም ነበር ልትላት ትችላለች። ልጅቷ ዓይኗን ሳትነቅል ትጠብቃታለች።

«አላየሁትም» አለች።

ሚጡ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ እርሳሷን አንስታ ወደ ቤት ሥራዋ ተመለሰች።